ባዶውን የሚመለሰው መኪና

ጥቅምት 11

ለእህቴ ለሚጡ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ ሌላው አካሌ ታዛዥ ነው።

ደብዳቤ አሳነስሽብኝ ብለሽ ወቅሰሽኛል። ምን ላድርግ? የዋርዱ ስልክ ለሪፈር ብቻ ነው። ሁለት ቃል ሳልናገር ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠም ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ያስላል። የእጅ ስልኬ ደግሞ ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሠራም፤ ስለ ጉልበቴ ነግሬሻለሁ። የቀረኝ ፖስተኛ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። ጡሩምባ የምንለው እንደምታውቂው ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ሳይቀር ጡሩምባ ሲነፋ የሚውል ሰው ነው፤ ደብዳቤ ግን አይጥልም። ችግሩ ወደ እናንተ ትልቁ ሆስፒታል የሚመጣው ልጅ ሲጭን ብቻ መሆኑ ነው። እኔ ብዙ እንድጽፍልሽ ብዙ ልጅ መታመም አለበት፤ እንግዲህ አንቺው ምረጪ።

የዛሬዋ ልጅ ባቄላ እየበላች ስትስቅ ነበር አሉ። ፍሬው በማይሄድበት ሄዷል። በቀኝ ደረቷ በኩል አየር ሲገባ አይሰማኝም። ጎበዝ ናት፤ መርፌ ስወጋት ያለቀሰችው እናቷ ናት።

ስለ ክፍልሽ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። “የሕፃናት ሐኪም” የሚለው ታፔላም በሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ክፍሉን ለፋይል ማስቀመጫ ፈልጎታል። ሐኪም የሌለበት ክፍል ለምን ይቆለፋል ይለኛል። እኔም ስፔሻሊቲዋን ጨርሳ ስትመጣ ደረጃው ላይ ልታስቀምጣት ነው ወይ እለዋለሁ። እስካሁን አፉን ያስያዝኩት በታፔላው ነው። ታፔላው ከወረደ ክፍሉ ይሄዳል፣ ክፍሉ ከሄደ መደቡ ይሄዳል፣ መደቡ ከሄደ ደግሞ አንቺን ወደዚህ የሚመልስሽ ነገር የለም። ስለዚህ አይወርድም ብያለሁ፣ አይወርድም።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጠቅላላ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ ያይልናል። ከዚያ አዋቂዎቹ ዋርድ ይገባና በዚያው ይቀራል። አልፈርድበትም፤ ያለው አንድ ነፍስ ነው። እኛም ከሁለቱ ልጆች ጋር (ነርሶቹን ማለቴ ነው፤ ልጆች ናቸው) እንደምንም እንውላለን።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። በጥር እጨርሳለሁ ብለሽኝ ነበር። ጥር መቼ? ፍራሽሽን ከአሁኑ ፀሐይ እያስመታሁት ነው።

እህትሽ

—

ጥቅምት 12

እታለም፣

ጡሩምባ መኪናውን እያጠበ ነው፤ እስኪጨርስ ልጻፍልሽ። ፍሬው ወጥቷል። ልጅቷ ለወንድሞቼ አሳያለሁ ብላ ስላስቸገረችን በብልቃጥ አድርገን ሰጥተናታል። ተንከባክባ ይዛዋለች፤ ሀብት ያገኘች ነው የምትመስለው።

ትበያለሽ ወይ ብለሽ በጡሩምባ አስጠይቀሽኛል። እበላለሁ፤ ቆሜ ነው እንጂ እበላለሁ። እዚህ ለመቀመጥ መጀመሪያ ወንበር ያስፈልጋል፤ ወንበሮቹ ላይ ደግሞ እናቶች ተኝተዋል። አንዱ አልጋ ላይ ሁለት ልጅ እናስተኛለን፣ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል። ትናንት አንዱ የሌላውን ብስኩት በእግሩ ጣት ሲሰርቅ ያዝኩት። ሳቅኩ። ከዚያ ጥርሴን ገጥሜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

እውነቱን ልንገርሽ? ደብዳቤሽን እፈራዋለሁ። የጡሩምባን ድምፅ ከበር ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እደነግጣለሁ። ቃሬዛው ላይ ማን እንዳለ ሳላይ ፖስታሽን አልቀበልም። ከሁሉም የሚገርመኝ ሲመለስ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ባዶውን ይሄዳል። የኋላውን በር ሲዘጋ አንዳንዴ ዘልዬ ልግባ ይለኛል።

ስለ ጥር አታጣድፊኝ። ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ፈተናው አለ፣ ከፈተናው በኋላ የወረቀቱ ጣጣ አለ። ታፔላዬን ግን አደራ፣ እንዳታወርጂብኝ። አንድ ቦታ የሚጠብቀኝ በር አለ ብዬ ሳስብ የዚህን ቤት ድካም እችለዋለሁ።

ጡሩምባ እያየኝ ነው። ደህና ሁኚልኝ።

ሚጡ

—

ኅዳር 19

ሚጡ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን። ልጁ የስምንት ወር ነው፤ የሳንባ ምች ይመስለኛል፣ ጠቅላላ ሐኪሙም ይህንኑ ብሏል። ሲመጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር። የኦክስጅን ማሽኑ አንድ ነው፣ ሌላ ሕፃን ነበረበት፤ ቱቦውን ለሁለት ከፍዬ ሰጠኋቸው። አሁን ትንሽ ቀላ ብሏል። መድኃኒቱን በኪሎው ሠርቼ ጀምሬለታለሁ፤ የሰጠሁበት ሰዓት ሪፈሩ ላይ አለ። ጡሩምባ ሞተር አስነስቷል።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ካልጠየቅሻት አትናገርም። ከልጁ አትለዪያት።

በስልክ ለምን እንዲህ ዘገየ ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ የተቆረጠ መስሎሽ ይሆናል። አልተቆረጠም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። አሁን አትጠይቂኝ።

እህትሽ

—

ኅዳር 20

እታለም፣

ልጁ አድሯል። ከዚህ በላይ የምነግርሽ የለኝም፤ እኔም አላውቅም።

እናቱን ጠየቅኳት። እንዳልሽው ካልጠየቋት አትናገርም፤ ስትጠየቅ ግን አንድም ነገር አታስቀርም። ልጁ ትንፋሹ ሲፈጥንባት በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። አውቶቡሱ የመገንጠያው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ሰው አራገፈ። እዚያ የልጆች ሐኪም የለም፤ ግን ሐኪምም ኦክስጅንም አለ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልትወርድ ተነሥታ ነበር። አጠገቧ የነበሩት ሴትዮ ትንሽ ታገሺ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ የልጆች ሐኪም አለች፣ በሯ ላይ ተጽፏል አሏት። ተቀመጠች።

እናንተ ጋ ስትደርስ ታፔላውን አነበበችው። በሩ ዝግ ነው። ሰው ገብቶ ይሆናል ብላ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተራዬን እነጠቃለሁ ብላ ውኃ ለመጠጣት እንኳ አልተነሳችም። ጠዋቱ እንዲሁ አለፈ። አንቺና ልጆቹ በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነበራችሁ። ሰው አልጠራሽም ወይ አልኳት።

“ወረፋዬን እየጠበቅሁ ነበር” አለችኝ።

ስልኩን የዘጋሽብኝ ይህን ላለመናገር ነው። አንጀቴ አሯል፤ በአንቺ ግን አይደለም። አይውረድ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እዚህ ተቀምጬ የሚጠብቀኝ በር እያልኩ የምደሰትበት ነገር እዚያ ሰው ሲያስቀምጥ እንደሚውል አላሰብኩም። አውርጂው። ክፍሉም ይሂድ፣ መደቡም ይሂድ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ፣ ጉልበትሽን አሳርፌ ሳትይ፣ ዛሬውኑ አውርጂው።

ሚጡ

—

ታኅሣሥ 14

ሚጡ፣

የዛሬዋ ሕፃን ፍል ውኃ የፈሰሰባት ናት። በፋሻ ጠቅልያታለሁ፤ በደህና ትደርስልሻለች።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር የላክሽልኝን፣ የልጇን መርዶ የያዘውን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። አንድ ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ መድገም አልሆነልኝም። የሚቻለውን ሁሉ እንዳደረግሽ ባትጽፊውም አውቅ ነበር። ጡሩምባ ሲመለሱ ቃሬዛው ላይ እንዲያስተኙት ጠይቋት ነበር፤ እምቢ አለች። ከፊት ወንበር፣ ከአጠገቡ፣ ልጇን እንደታቀፈች ሄደች። ያ ሰውዬ እስከ ደጃፏ ድረስ አንዴም ጡሩምባ አልነፋም።

ታፔላውን አወረድሽው ወይ ብለሽ በእሱም በሰውም አስጠይቀሻል። የዚያኑ ዕለት አውርጄዋለሁ። ወንበር ላይ ስቆም የያዙኝ ልጆቹ ናቸው። ቀለሙ ሳይደበዝዝ የቀረበት ቦታ በሩ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ፋይሉን አስገባ፤ ቁልፉን ስሰጠው ፊቱን አላየሁትም።

በባዶው ቦታ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። እንዲህ ይላል፦ “የሕፃናት ሐኪም የለም። የታመመ ልጅ የያዛችሁ እዚህ አትቀመጡ። ወደ ውስጥ ግቡና ሲስተር ብላችሁ ተጣሩ።” ሥራ አስኪያጁ ሲያየው ደሙ ፈላ። የሌለንን በር ላይ መለጠፍ መሥሪያ ቤቱን ያዋርዳል አለ። የሌለንን አለን ብለን የለጠፍነው ጊዜ ማን ተዋረደ አልኩት። ገነጠለው። ሌላ ጽፌ ለጠፍኩ። እንደገና ገነጠለው፣ እንደገና ለጠፍኩ። አሁን ትቶታል፤ በዚያ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ሳያት ወደ እሷ ሄድኩ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነበር፣ ለመሰደብም ተዘጋጅቼ ነበር። የመጣችው የአምቡላንሱን ብርድ ልብስ ልትመልስ ነው። አጥባ፣ የተቀደደውን ጠርዙን ሰፍታ፣ አጥፋ አመጣችው። ይቅር በይኝ አልኳት፤ እሷ ግን ወረቀቱን እያነበበች ነበር። ከዚያ ሄዳ የዚያን ቀን የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

“ከፍ ብሏል” አለችኝ። “ልጅ የታቀፈ ሰው የሚያየው ቁልቁል ነው። እዚህ ጋ አድርጊው።”

በመዳፏ በሩ ላይ አሳየችኝ። እንዳለችው ዝቅ አድርጌ ለጠፍኩት። እሷ ከሄደች በኋላ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልጆቹ ሰምተዋል፤ ሻይ አምጥተው በር ላይ አስቀመጡልኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የእናንተ ቤት ዘበኛ ለጡሩምባ ዶክተሯ እዚሁ ልትቀር ነው ብሎታል። በትልቁ ሆስፒታል ቦታ ሰጥተዋታል፣ እሺ ብላለች ብሎታል። እንኳን ደስ ያለሽ ልል ብዕሬን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጥር መቼ እያልኩ ስለፈልፍ ዝም ብለሽ ታነቢ ነበር። እኔ አንድ ነገር ብደብቅሽ አንድ ቀን ነው የደበቅኩሽ። ገንዘቡ ነው? ከተማው ነው? ወይስ እኛ ሰልችተንሽ ነው? የመጣውን ንገሪኝ። እኔ እህትሽ ነኝ፣ ከዘበኛ አፍ መስማት አልነበረብኝም።

ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼም ይብስ ትናፍቂኛለሽ።

እህትሽ

—

ጥር 4

እታለም፣

ያን ጊዜ ጡሩምባን ባዶ እጁን የመለስኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ጽፌ ጽፌ ቀደድኩት።

ዘበኛው እውነቱን ነው። ቅሪ ብለውኛል፣ እኔም እምቢ አላልኩም። የጠየቁኝ በኅዳር መጀመሪያ ነው። ልነግርሽ ስል ልጁ መጣ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ?

ገንዘቡ ነው ወይ ላልሽው አይደለም፤ ከእኛው ደመወዝ እምብዛም አይበልጥም። ከልጆች ሐኪሞቻችን አንዱ ባሕር ማዶ ሄደ፣ አንዷ ጡረታ ወጣች፣ የቀረነው በአንድ እጅ ጣት እንቆጠራለን። እኔም ብሄድ አልጋው ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ሦስት ይሆናሉ። ይህን ስልሽ እውነቴን ነው። ምክንያቴ ይህ ብቻ ነው ብልሽ ግን እዋሻለሁ።

ብቻዬን መሆን እፈራለሁ። እዚያ ሳለሁ ልጅ ሲደክምብኝ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። አንቺ ነበርሽ፤ አንቺም ግን የእኔን ፊት ነበር የምታዪው። እናቶቹም ያዩኛል፣ ልጆቹም ያዩኛል፣ እኔ የማየው ሰው የለኝም። ልጅ ሲያልፍብኝ በጓሮ በር ወጥቼ የውኃ ታንከሩ ሥር ስቀመጥ አንቺ ሠራተኛ ሰብስበሽ ዶክተሯ ስልክ ላይ ናት ትያቸው ነበር። ነግሬሽ አላውቅም፤ ያን ውለታሽን ግን አውቃለሁ። እዚህ ግድግዳ አንኳኩቼ ና እስቲ ይህን እይልኝ እላለሁ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከቀመስኩ በኋላ መተው ከበደኝ። ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው፤ ስላፈርኩ ነው።

ታዲያ ባለፈው ጡሩምባ ቃሬዛውን ሲያጣጥፍ ቆሜ አየሁት። ባዶህን ነው የምትሄደው ስለው ሁልጊዜም ባዶዬን ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ አለኝ። በቀጥታ ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። ሴትዮዋ ብዙ አያወሩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ። እዚህ እንድቀር፣ ግን በየወሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ከእናንተ ጋር እንድውል ጠየቅኳቸው። መኪናው ልጅ አምጥቶ ሲመለስ ይወስደኛል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ልጅ ካለ አብሬው እመለሳለሁ። ሲጨንቀኝ ደውዬ የምጠይቀው ሰው ይኑረኝ አልኳቸው። እኔን ትጠይቂያለሽ አሉኝ። የእናንተ ሥራ አስኪያጅ ፈርሞ ደብዳቤ ከላከ ከየካቲት ጀምሮ ይቻላል።

ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ልጁ የመጣው ከወሩ አጋማሽ በኋላ ነበር፤ ይህንንም አስቤዋለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ሁለቱን ነርስ ልጆች አሠለጥናለሁ፣ ለመገንጠያው ሆስፒታልም እንነግራቸዋለን፣ አውቶቡሱ ሲቆም የሚያስወርድ ሰው እንዲያቆሙ። ከዚህ በላይ አሁን አቅም የለኝም። ቃል የማልገባልሽ ቃል መግባት ምን እንዳመጣ ስላየሁ ነው።

ትቀበይኛለሽ?

ሚጡ

—

ጥር 30

ሚጡ፣

መጀመሪያ ይህን አንብቢ፣ እንዳትደነግጪ። መኪናው ውስጥ ልጅ የለም።

ቃሬዛው ላይ ያለው የእኔ ትራስ ነው፤ መንገዱ ስለሚያንገላታ ለወገብሽ የላክሁልሽ ነው። ነገ የካቲት ይገባል። ሥራ አስኪያጁ ሪፈር እስኪገኝ እንጠብቅ ሲለኝ ታዲያ ልጅ እስኪታመም ልንጠብቅ ነው ወይ ብዬ ጡሩምባን ሰደድኩት።

ሥራ አስኪያጁ እንዴት ፈረመ ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ አጠገቤ ስለነበር አልነገርኩሽም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮው ገባሁ። ያን ወረቀት ከበሩ ላይ ካነሳሽልኝ እፈርማለሁ አለኝ። አላነሳውም፣ አስተካክለዋለሁ አልኩት። ብዙ ካንገራገረ በኋላ ፈረመ። አሁን እንዲህ ይላል፦ “የሕፃናት ሐኪም በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት አለች። በሌላው ጊዜ የለችም። በዚህም በዚያም በሩ ላይ አትቀመጡ፣ ወደ ውስጥ ግቡ።” ቁመቱ ያው እናትየዋ ያሳየችኝ ቦታ ነው። ፋይሎቹ ግን አልወጡም፤ ከፋይል ጋር ተጋፍተሽ ነው የምትሠሪው። አንቺ ቀጭን ነሽ።

ትቀበይኛለሽ ላልሽው፣ ሳምንት አይበቃም። ልጆች ቀን መርጠው አይታመሙም፤ በቀሩት ሳምንታት ያው እኔ ነኝ፣ ያው አንድ ማሽን ነው። ይህን ሳልነግርሽ እሺ ብል እንደገና ልደብቅሽ ነው። ብቻዬን እፈራለሁ ያልሽኝን ግን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ፊትሽን የማየው ምን ልታዢኝ ነው ብዬ እንጂ ልፈትንሽ አልነበረም። እኔም እፈራ ነበር፣ ሚጡ። ከእንግዲህ አብረን እንፈራለን። በአንድ ሳምንትም ቢሆን ነይልኝ፤ አይበቃም እያልኩ እቀበልሻለሁ።

ጡሩምባ በር ላይ ቆሟል። ያመጣው ሕመምተኛ የለም፤ የሚጭነው ሰው ነው ያለው። ሻንጣሽን ያዢና ውጪ። ከኋላ አትግቢ፣ ከፊት ወንበር ተቀመጪ። ልጁን ከመለሰበት ቀን ወዲህ ያ ሰውዬ በዚህ መንገድ ላይ ጡሩምባ ነፍቶ አያውቅም። የእኛን ኮረብታ ስታልፉ ንፋ በይው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

እህትሽ